ዘበኛ፣ ጎረቤትና ጆሮ ጠቢ

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ በሰፈራችን የእድር አዳራሽ ለስብሰባ ተጠራን። አጀንዳው የአካባቢውን ሰላም በጋራ ስለ መጠበቅ ነበር። ከፊት ለፊት ካለው ጠረጴዛ ኋላ የእድራችን ዳኛ፣ የወረዳው ተወካይና አንድ ወጣት የፖሊስ መኮንን ተቀምጠዋል። መኮንኑ ትሑትና አንደበተ ርቱዕ ነው። በእጁ የያዘውን ወረቀት እያየ ምክሩን ዘረዘረልን፤ መንገድ ዳር ቆማችሁ ስልክ አታውሩ፣ በሞተር ብስክሌት የሚመጣ ቀማኛ ከእጃችሁ መንትፎ ይሰወራል፤ መኪና ስታቆሙ ቦርሳ ወንበር ላይ አትተዉ፤ የውጭ መብራታችሁን ሌሊት አታጥፉ፤ የቤት ሠራተኛ ስትቀጥሩ መታወቂያ እዩ፣ ተያዥ ጠይቁ፤ ቤት ስታከራዩ ውል ተዋዋሉ፣ የተከራዩንም ማንነት አስመዝግቡ፤ አደጋ ሲደርስ 991 ደውሉ። በመጨረሻም «ጸጉረ ልውጥ ሰው ስታዩ ፈጥናችሁ ጠቁሙን» ብሎ ወረቀቱን አጠፈ።

ምክሩ መልካም ምክር ነው። በእኛ መንገድ ስፖኪዮው ያልተነቀለ መኪና ማግኘት ቸግሯል፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ከታክሲ ወርዶ ወደ ቤቱ ሲያዘግም ማጅራት መቺ የጣለው ጎረቤትም አለን። ስለዚህ ሁላችንም ራሳችንን በአዎንታ ነቀነቅን። የጥያቄ ጊዜ ሲሰጥ ግን አንዲት አዛውንት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ፣ ደግ ተናግረሃል። እኔ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የምሰጥህ ስም የት ነው የሚሄደው?»

«እማማ፣ አያስቡ፣ የጠቋሚው ምስጢር በጥብቅ ይጠበቃል» አላቸው።

«የእኔን ስም አላልኩህም። የሰውየውን ነው የምልህ።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። መኮንኑ ወረቀቱን መልሶ ዘረጋው፤ በወረቀቱ ላይ ለዚህ መልስ የተጻፈ አልነበረም። የወረዳው ተወካይ «ጥያቄው ተይዟል» አሉና ዕድሉን ለሌላ ሰው ሰጡ።

እኔ ግን ጥያቄውን ይዤው ወደ ቤቴ ገባሁ። ውድ አንባቢ፣ ይህ ጽሑፍ ለእኒያ አዛውንት ያልተሰጠውን መልስ ከታሪካችን ውስጥ ለመፈለግ የተደረገ ሙከራ ነው። ሕዝብና ጸጥታ አስከባሪ በዚህች ከተማ እንዴት ተገናኙ? የት ላይ ተማመኑ? የት ላይስ ተከዳዱ?

ኡኡታና ወፍ

ደመወዝተኛ ፖሊስ የሚባል ነገር ከመምጣቱ በፊት አገሬው ጸጥታውን የሚጠብቀው በራሱ ጉሮሮና በራሱ እግር ነበር። ሌሊት «ኡኡ!» ወይም «ያገር ያለህ!» የሚል ጩኸት ሲሰማ ዱላውን ይዞ ያልወጣ ጎረቤት በማግስቱ የሰው ፊት ማየት ያፍራል። በሌላ በኩል ደግሞ ጠበኛን ለማስቆም አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ «በሕግ አምላክ!»። ይህን ቃል ለመናገር ሹመት አያስፈልግም፤ መንገደኛም፣ ሴትም፣ ድኻም ሊለው ይችላል። ቃሉ የተነገረበት ሰው እጁን መሰብሰብ ነበረበት። የተካሰሱ ሰዎች ኩታቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው፣ ማንም ሳይጎትታቸው፣ ተያይዘው ወደ ዳኛ ሲሄዱ ማየታቸውን የውጭ ተጓዦች በአድናቆት ጽፈዋል። መንገድ ላይ ያገኙትን ሽማግሌ አስቁመው «ፍረደን» የሚሉም ነበሩ። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚለው ብሂል የተወለደው ከዚህ ዓይነት ሕዝብ መካከል ነው።

ያለፈውን ሁሉ አሳምሬ ለመሳል ግን አልፈልግም። ወንጀሉ ታውቆ ወንጀለኛው ሲጠፋ ይደረግ የነበረው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ብዙ ግፍ ነበረበት። የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ሌባው ወይም ቤት አቃጣዩ እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። እርሻ ይታጎላል፣ ከብት ያለ ጠባቂ ይውላል፣ የቀረ ሰው ይቀጣል፤ ወንጀለኛው ካልተገኘም ሁሉም አዋጥቶ ዕዳውን ይከፍላል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ምስጢሩን የሚያውቅ ሰው ማንነቱ ሳይገለጥ ያወቀውን የሚያሰማበት መንገድ ነበር። ያም መንገድ «ወፍ» ይባል ነበር። ወፏ ነገረች ይባላል፤ ማን እንደ ነገራት ግን አይጠየቅም። የዛሬው ጠቋሚ የሩቅ አያቱ ይህቺ ወፍ ናት።

ከዚህ የከፋው ሌባሻይ ነበር። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይጠጣል፤ በወገቡ ላይ በታሰረ ጨርቅ ተይዞ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ጌታ ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ማስረጃ የለም፣ መሟገቻ የለም፣ የልጁ መውደቅ ብቻ ይበቃል። እንግዲህ ያለ ማስረጃ ሰውን በጣት ጠቁሞ ማስበላት ከውጭ የመጣብን በሽታ አይደለም፤ ከእኛው ቤት የነበረ ነው።

ሆኖም አፈርሳታው አንድ ቁም ነገር ነበረው። የሚካሄደው በሜዳ ላይ፣ በፀሐይ፣ ጨዋውም ባላገሩም ባለበት ነበር። ስሙ የተነሣበት ሰው እዚያው ቆሞ ይሰማል፤ እዚያው ይመልሳል። የሰውየው ስም የት እንደ ሄደ ሁሉም ያያል።

ከአራዳ ዘበኛ እስከ ፖሊስ ሠራዊት

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በየመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ የተሰፈረች የሰፈሮች ስብስብ ነበረች። የየሰፈሩ ጸጥታ በየመኳንንቱ አሽከሮች እጅ ነበር፤ ሰፈሮቹ ራስ ሙሉጌታ፣ ራስ ብሩ፣ ደጃዝማች ውቤ እየተባሉ እስከ ዛሬ የሚጠሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ከየአገሩ የመጣው ሰው የሚቀላቀልበት፣ የማንም አሽከር ያልሆነ መንገደኛ የሚበዛበት ቦታ ግን በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ያለው የአራዳ ገበያ ነበር። ከተማዋም የመጀመሪያዋን የከተማ ጠባቂ በዚያ ስም ሰየመች፤ የአራዳ ዘበኛ። «አራዳ» የሚለው ቃል ከጊዜ በኋላ ነቅቶ የሚኖር፣ የማይታለል ሰው መጠሪያ ሆነ። ዘበኛውም ሌባውም የተማሩት በአንድ ገበያ ስለ ሆነ ይመስለኛል።

ጠባቂ የሌላት ከተማ ምን እንደምትመስል አዲስ አበባ በ1928 ዓ.ም. አየች። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 24 ቀን ከተማዋን ለቀው ሲወጡ፣ ጣሊያን በ27 እስኪገባ ድረስ ባሉት ቀናት መደብሮች ተዘረፉ፣ ቤቶች ተቃጠሉ፣ ብዙ ሰው ሞተ። ከዚያም ጠላት ገባና «ጸጥታ» አመጣ። ያ ጸጥታ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ቀናት ምን እንደ ነበረ የስድስት ኪሎው ሐውልት ይመሰክራል። በእነዚያ አምስት ዓመታት ውስጥ የጎረቤት ዓይን ሁለት ስም አገኘ። አይቶ የሚናገረው ባንዳ ተባለ፤ አይቶ ዝም የሚለው፣ ሰውና ጥይት የሚደብቀው ደግሞ የውስጥ አርበኛ ተባለ። ይህ ተራ ነገር አይደለም። ከዚያ ዘመን ጀምሮ በከተማችን ሕሊና ውስጥ ጎረቤትን ለመንግሥት መናገር ከነውር፣ ዝም ማለት ደግሞ ከጀግንነት ጋር ተጣብቆ ቀረ።

ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ታወጀ፤ ፖሊስም በአንድ ማዕከል የሚመራ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ሠራዊት ሆኖ ተዋቀረ። ቆየት ብሎ የአባ ዲና ፖሊስ ኮሌጅ መኮንኖችን ማውጣት ጀመረ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የዜጋውን ድርሻ ወሰነ፤ ማንም ሰው ወንጀል መፈጸሙን፣ በዓይኑ ባያየውም እንኳ፣ የማመልከት መብት አለው፤ ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ማንም ዜጋ መያዝ ይችላል፤ የተያዘው ሰው ግን በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ልብ በሉ፤ የእኒያ አዛውንት ጥያቄ በወረቀት ላይ መልስ ያገኘው ያኔ ነው። ስሙ የሚሄደው ወደ ፍርድ ቤት ነው፤ የሚሄደውም በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ነው።

በዚያ ዘመን ፖሊስ ለከተሜው በጽሑፍም ይናገር ነበር። «ፖሊስና እርምጃው» የተባለው ጋዜጣ የሌባውን ዘዴ፣ የአታላዩን ተረት፣ የቀማኛውን መያዝ ያወጣ ነበር። አባቴ ጋዜጣውን ለማስተማሪያነት ብቻ አልነበረም የሚያነበው፤ ያስቀው ነበር። እያሳቀ ግን የሻንጣ መዝጊያ ቁልፍ መግዛት አስተምሮታል። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ለብቻው ሌላ ነገር አበጅቶ ነበር። እድር ቀብር ከማስፈጸም አልፎ መንገድ ያስጠርግ፣ ውኃ ያስገባ፣ ሌሊት በጡሩምባና በፊሽካ የሚዞር የሰፈር ዘበኛ ይቀጥር ነበር። ያ ዘበኛ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ከሰል አንድዶ፣ የእያንዳንዱን ቤት የመግቢያ ሰዓት ያውቅ ነበር። ሰክሮ የመጣውን ባል እስከ በሩ ይሸኘዋል፤ በማግስቱም ለማንም አይናገርም። ደመወዙን የሚከፍለው ሰፈሩ ነበርና ታማኝነቱም ለሰፈሩ ነበር።

ሁለቱ፣ የመንግሥቱ ፖሊስና የሰፈሩ ዘበኛ፣ ጎን ለጎን ኖሩ። ያን ጊዜ ገነት ነበር አልልም፤ ፖሊስ ጣቢያ የድኻ ጀርባ የሚገረፍበት ቦታ እንደ ነበረ የሚመሰክሩ ብዙ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱ አንድ አልነበሩም። የደርግ ዘመን አንድ አደረጋቸው።

ቀበሌ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ በዚያው አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ማለትም ቀበሌ ተወለደ። በመጀመሪያ የተሰጠው ሥራ ከአንድ መቶ ብር በታች የሚከራዩ ቤቶችን ኪራይ መሰብሰብ፣ ቀላል ክርክሮችን መዳኘት፣ ሰፈርን ማልማት ነበር። ብዙ ድኻ ተከራይ በዚያን ዕለት በእውነት ደስ ብሎት ሰልፍ ወጥቷል፤ ይህን መካድ ታሪክን መዋሸት ነው። በ1969 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 104 ቀበሌን አጠናከረው፤ በዚያው ዓመት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መሣሪያ ታጠቁ።

የቀረው የሚታወቅ ነው። በመጋቢት 1969 ቤት ለቤት አሰሳ ተካሄደ፤ በሚያዝያ ወር የደርጉ ሊቀመንበር በአደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላ ጠርሙስ ሰበሩ፤ «ነፃ እርምጃ» የሚል ሐረግ ወደ ቋንቋችን ገባ። የአራት ኪሎ አካባቢ የቀበሌ ሊቀመንበር የነበረው ግርማ ከበደ የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሠራተኞችን አስገድሎ፣ ሥርዓቱ ራሱ ሊታገሰው ስላልቻለ በዚያው ዓመት ተረሸነ። የሰውየው መረሸን ግን የአሠራሩን መቆም አላመለከተም። ገዳይዋ የቀበሌዋ መዋቅር ነበረች። ኪራይ ተቀባይ፣ ስኳር አዳይ፣ መሸኛ ሰጪ፣ ዳኛ፣ ወህኒ አዛዥና ጠመንጃ ያዥ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ማኅተም ሥር ሆኑ። የሰውየው ስም የት ይሄዳል? ከጎረቤቱ አፍ ወጥቶ፣ ሁለት መቶ ሜትር ተጉዞ፣ የቀበሌው መጋዘን ውስጥ ይቀራል። አርባ ስምንት ሰዓት የሚቆጥር ማንም አልነበረም። በምርመራ ቤቱ ደግሞ «ወፌ ላላ» ይጠብቀዋል፤ እጅና እግር ታስሮ፣ በዘንግ ተንጠልጥሎ ውስጥ እግር መገረፍ። ከአፈርሳታዋ ወፍ ጋር ስማቸው ተገጣጠመ እንጂ ዝምድና አላቸው ማለቴ አይደለም።

እኔ በ1970 የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እንግዳ ሲመጣብን እናቴ መጀመሪያ ቡና አታፈላም ነበር፤ መጀመሪያ ቀበሌ ሄዳ ታስመዘግባለች። አጎቴ ከገጠር መጥቶ እኛ ቤት ካደረ በሦስተኛው ሌሊት በራችን ተንኳኳ። ከታጣቂዎቹ ፊት የቆመው የጎረቤታችን ልጅ ነበር፤ በዓመት በዓል ከእናቴ ሞሰብ የሚበላ ልጅ። «እትዬ፣ አይደንግጡ፣ ለጥያቄ ነው» አላት። አጎቴ በስምንተኛው ወር ተመለሰ፤ ጫማውን ለማድረግ ግን ከዚያ በኋላ የሰው እርዳታ ያስፈልገው ነበር። እናቴና የልጁ እናት ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት አብረው ቡና ጠጡ። አንድም ቀን ስለዚያ ሌሊት አልተነጋገሩም። ስለ በርበሬ ዋጋ ያወራሉ፣ ስለ እድር ያወራሉ፣ ከዚያም ስኒው ይታጠባል። የከተማችን ሰላም ለብዙ ዓመታት እንዲህ ያለ ሰላም ነበር።

ጆሮ ጠቢ የሚለው ስም የዚያ ዘመን ፈጠራ አይደለም፤ በየቤቱ የተከፋፈለው ግን ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ የሰፈር ሰው «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ማለትን ለልጆቹ እንደ ጸሎት አስተማረ። ዛሬ ቀማኛ በቀን ሲቀማ ሰው መንገድ ቀይሮ ሲያልፍ ፖሊሶች «ሕዝቡ አይተባበረንም» ይላሉ። ሕዝቡ ግን ትምህርቱን በሚገባ ተምሮ ነው።

ከ1983 በኋላ

በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከተማዋ እንደገና ጠባቂ አጣች። በየቀበሌው «የሰላምና መረጋጋት ኮሚቴ» ተቋቋመ። ቀበሌዋ ግን ግቢዋም፣ ማኅተሟም፣ ልማዷም አልፈረሰም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አርባ ስምንት ሰዓቱን በአንቀጽ 19 መልሶ ጻፈ፤ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ጨመረ። ከ1990ዎቹ ጀምሮም «ማኅበረሰብ አቀፍ የወንጀል መከላከል» የሚል አዲስ አስተሳሰብ ወደ ፖሊሶቻችን ገባ። ሐሳቡ በመሠረቱ ቀና ነው። ፖሊስ ወንጀል ከተፈጸመ በኋላ የሚሮጥ ሳይሆን ሰፈር ውስጥ የሚኖር፣ ስሙ የሚታወቅ፣ ከእድርና ከወጣቶች ጋር የሚመክር ይሁን ይላል። አንዳንድ ሰፈር ላይ በእርግጥ ውጤት አሳይቷል፤ ጨለማ መንገድ መብራት አግኝቷል፣ ሴት ተማሪዎችን የሚያስቸግሩ ጎረምሶች በሽማግሌ ተመክረዋል።

ችግሩ በዚያው ዓመታት ሌላ ሰነድ መውጣቱ ነው። የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 በ1996 ዓ.ም. ወጣ። የከተማው ሰው በማጅራት መቺ ተማሮ ነበርና ብዙዎቻችን አልተቃወምነውም፤ እኔም ስሰማው ደስ ካላቸው አንዱ ነበርኩ። ተጠርጣሪን የዋስ መብት እንደሚነሣ ልብ ያልነው ጥቂቶች ነበርን። በ1997 ዓ.ም. ከምርጫው በኋላ «አደገኛ ቦዘኔ» የሚለው ስም ድንጋይ ለወረወረውም፣ ምንም ላላደረገውም፣ ከበር ላይ ቆሞ ለነበረውም የሰፈር ወጣት ተሰጠ። በሰኔና በጥቅምት ወር በተፈጠረው ሁከት 193 ሲቪሎችና ስድስት ፖሊሶች መሞታቸውን ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አባላት አረጋግጠዋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ደግሞ «አንድ ለአምስት» መጣ። ለልማት ተባለ፣ ለጤና ተባለ፣ ለሰላምም ተባለ፤ አምስቱን የሚያየው አንዱ ለማን እንደሚናገር ግን ሁሉም ያውቅ ነበር።

እንግዲህ በሁለት ትውልድ ውስጥ ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ሆነ። ሕዝቡ በእውነት በሌባ ይማረራል፤ መንግሥት በእውነት የሕዝቡን ዓይን ይጠይቃል፤ ሕዝቡ ዓይኑን ይሰጣል፤ ከዚያም ዓይኑ ለሌላ ሥራ ይውላል።

ኅዳር 2014

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ካልተናገርኩ ጽሑፉ ሐቀኛ አይሆንም።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ መሐል አገር ሲገሰግስ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የከተማው አስተዳደር ነዋሪው መሣሪያውን እንዲያስመዘግብና በየብሎኩ ተደራጅቶ አካባቢውን እንዲጠብቅ አሳሰበ። እኛም ተደራጀን። ሃምሳ ዓመት የሆነኝ ሰውዬ ዱላና ባትሪ ይዤ፣ ካፖርቴን ደርቤ፣ በየሦስተኛው ሌሊት መንገዳችን ላይ ቆምኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ የሚል ነገር ነበረው። ለዓመታት ሰላምታ ብቻ የተለዋወጥኳቸውን ሰዎች በስም አወቅኩ፤ እሳት ዳር ሻይ ተጣጣን፤ በዚያ ወር አንድም ስፖኪዮ አልጠፋም።

በመንገዳችን ጥግ አነስተኛ ሱቅ የነበረው ሰው ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ዱቤ ሰጥቶናል። ትግርኛ ተናጋሪ ነው። ከእኛ ጋር ሁለት ሌሊት ጥበቃ ወጥቶ ነበር። አንድ ጠዋት ሱቁ አልተከፈተም። ሌሊት ወስደውታል ተባለ። ማን እንደ ጠቆመ አላውቅም፤ ምን ተብሎ እንደ ተጠቆመም አላውቅም። ያን ሰሞን በማንነት ላይ ያነጣጠረ የሚመስል እስር እንዳሳሰበው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በይፋ ገልጾ ነበር፤ መግለጫውን አንብቤዋለሁ። አንብቤው፣ ስልኬን አጥፍቼ፣ የማታውን ተረኛ ዝርዝር ለማየት ወጣሁ።

ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ተፈታ። ክስ አልቀረበበትም። ሱቁን ለሌላ ሰው አስተላልፎ ሰፈሩን ለቀቀ። ሊለቅ ሁለት ቀን ሲቀረው መንገድ ላይ አገኘሁትና «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» አልኩት። «አንድ ሰው እንኳ መጥቶ 'ይህን ሰው አሥራ አንድ ዓመት እናውቀዋለን' ይላል ብዬ ስጠብቅ ነበር» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። የነበረብኝን የዱቤ ሂሳብ እዚያው ከፈልኩት፤ ቆጥሮ ተቀበለኝ።

የማኅበረሰብ ተሳትፎ የሚባለው ነገር አንድ እግሩ ብቻ እንደ ነበረን ያን ዕለት ገባኝ። ለመጠቆም ተደራጅተናል። ለመመስከር ግን አልተደራጀንም። ኡኡታ ሲሰማ የሚወጣው የጥንቱ ጎረቤት ለተዘረፈው ብቻ አልነበረም የሚወጣው፤ «በሕግ አምላክ» የሚለው ቃል የተደበደበውንም ሌባ ያተርፍ ነበር።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ለፖሊስ አትናገሩ» የሚል መደምደሚያ የሚጠብቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። አልልም። የተዘረፈች ሴት፣ የተደበደበ ልጅ፣ ሌሊት የተሰበረ በር ዝምታችንን አይፈልጉም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል መፈጸሙን እያወቀ ያላመለከተን ሰው ይቀጣል። ዝምታ የድኻው ጠባቂ አይደለም። ዘበኛ መቅጠር የሚችለው ግንቡን ከፍ አድርጎ፣ ሽቦ ዘርግቶ፣ ካሜራ ሰቅሎ ይተኛል፤ በቆርቆሮ ግቢ የሚኖረው ነው ጎረቤቱና ፖሊሱ የሚያስፈልጉት።

ለእኒያ አዛውንት ግን መልስ ይገባቸዋል። እኔ ብጠየቅ የምመልሰው ይህን ነው። አንደኛ፣ የምንጠቁመው ሰውን ሳይሆን ድርጊትን ይሁን። «ጸጉረ ልውጥ» ወንጀል አይደለም፤ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ጀምሮ የተሞላችው በጸጉረ ልውጥ ነው፤ እኔም አንድ ቀን ጸጉረ ልውጥ ነበርኩ፣ መኮንኑም እንዲሁ። በር ሲሰብር ያየነውን፣ የሰማነውን ጩኸት፣ የመኪናውን ታርጋ እንናገር፤ ዘሩንና አነጋገሩን ለራሱ እንተውለት። ሁለተኛ፣ ጥቆማ ተቀባዩ ፖሊስ ይሁን እንጂ ኪራይ የሚሰበስብ፣ መታወቂያ የሚያድስና ስብሰባ የሚጠራ ሰው አይሁን፤ የ1969ኙ ጥፋት ምንጩ የእነዚህ ሥራዎች በአንድ እጅ መውደቅ ነበርና። ሦስተኛ፣ እድሩ የሌሊት ተረኛ ዝርዝር እንደሚያወጣ ሁሉ የቀን ተረኛም ያውጣ። አንድ ጎረቤት ሲያዝ ሁለት ሰው ጣቢያ ይሂድ፤ የት እንዳለ ይጠይቅ፤ ምግብና ጋቢ ያድርስ፤ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረቡን ይከታተል፤ የሚያውቀውን ይመስክር። ሰውየው ጥፋተኛ ከሆነ ሕጉ ይቅጣው፤ ይህ ሌባን መደገፍ አይደለም። በሬሳ ሳጥን ፊት ሁለት መቶ ሆኖ የሚሰለፍ እድር በፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ሁለት ሰው ማቆም አይከብደውም።

ማዕከላዊ ምርመራ በ2010 ዓ.ም. ሲዘጋ ብዙዎቻችን አንድ ምዕራፍ ተዘጋ ብለን ነበር። ግንቡ ተዘጋ። ስም ከጎረቤት አፍ ወጥቶ የሚጓዝበት መንገድ ግን ገና አልተጠረገም፤ መብራትም አልገባበትም።

በሚቀጥለው ወር እንደገና እንሰበሰባለን። አዛውንቷ እንደሚመጡ ነግረውኛል። ጥያቄያቸውን በጽሑፍ አድርገን፣ ሦስቱን ነጥቦች ከሥር ጨምረን፣ ከእድሩ አባላት ፊርማ እያሰባሰብን ነው። እስካሁን አሥራ ዘጠኝ ሰው ፈርሟል። አንዳንዱ «ስሜ የት ነው የሚሄደው?» ብሎ ጠይቆኝ ነው የፈረመው። ወደ እድሩ መዝገብ፣ ከዚያም በግልጽ፣ በአዳራሹ ፊት ወደ መኮንኑ እጅ ነው እላለሁ። ከዝርዝሩ ራስ ላይ ያለው የእኔ ስም ነው።

ቸር ያሰንብተን።